የጠርሙስ ውሃ፦ ከመድኃኒትነት ወደ ሸቀጥነት

ውሃ ሲሸጥ ማየት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ ይዞ በሳንቲም መቅዳት፣ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ በጄሪካን ከሚያመላልስ ሰው መግዛት፣ ቁርጥ ወይም ክትፎ ከተበላ በኋላ «አንድ አምቦ አምጣልኝ» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። ጋዝም ጣዕምም የሌለውን ተራ ውሃ በካርቶን እየገዙ በየሳምንቱ ከመኪና ወደ ቤት ማጓጓዝ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በዱባይም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ለቅሶ ቤትም ይሂዱ ሠርግ ቤት ከተቀመጡ በኋላ ቶሎ የሚቀርብልዎ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ነው።

ለመሆኑ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከቧንቧው ውሃስ በምን ይለያል? ገንዘብ የምንከፍለው ለውሃው ነው፣ ለማዕድኑ ነው፣ ለፕላስቲኩ ነው ወይስ ለስሙ? ለዚህ ጥያቄ ኬሚስትሪ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ ታሪክም ያስፈልጋል። ምክንያቱም ሰው ውሃን በጠርሙስ የገዛበት ምክንያት እንደየዘመኑ የተለያየ ነው። በመጀመሪያ የተገዛው መድኃኒት ነው ተብሎ ነበር። ቀጥሎ የከተማው ውሃ ስለሚያስፈራ ተገዛ። በመጨረሻ ደግሞ ለመያዝ ስለሚመችና ስሙ ስለገነነ ተገዛ። እነዚህ ሦስት ምክንያቶች ዛሬ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚቀርቡልን አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነሱን ለያይቶ ማሳየት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋይ የሚያጣፍጠው ውሃ

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም ለማዕድን ውሃም በደንብ ይስማማል። ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። መሬት ውስጥ ሰርጎ በድንጋይና በአፈር መካከል ለዓመታት ሲያልፍ ግን ካገኘው ሁሉ ጥቂት ጥቂት እያሟሟ ይወስዳል። ከኖራ ድንጋይ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይሸከማል፤ ከሌላውም ዐለት ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌት፣ ሲሊካና ፍሎራይድ ይጨምርበታል። እሳተ ገሞራ በነበረበት ምድር ደግሞ ከጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ውሃው ውስጥ ገብቶ ምላስ እንዲቆነጥጥ ያደርገዋል። የአምቦ ውሃና በጀርመን አገር በአይፈል ተራሮች የሚፈልቀው የጌሮልሽታይን ውሃ በዚህ ረገድ ዘመዳሞች ናቸው። ውሃው ራሱ የትም ቢሄዱ ያው ውሃ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ያለፈበት ድንጋይ ነው።

እንዲህ ያለው ውሃ ከጥንት ጀምሮ ለፈውስ ሲፈለግ ኖሯል። በእኛ አገር ጠበሉ በእምነት፣ ፍል ውሃው ደግሞ ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ መቆርቆርም ቢሆን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ገደማ ከእንጦጦ ወደ ፊንፊኔ ፍል ውሃ ወርደው ቦታውን በመውደዳቸው ቤት እንዲሠራ ማድረጋቸውና ስሙንም አዲስ አበባ ማለታቸው በታሪክ የሚነገር ነው።

በአውሮጳም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። በቤልጅግ የምትገኘው የስፓ ከተማ በፈዋሽ ምንጮቿ ከመታወቋ የተነሣ ስሟ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለመታጠቢያና ለመዝናኛ ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ከፍራንክፈርት ብዙ የማይርቀው የኒደርዜልተርስ መንደር ውሃ በ18ኛው መቶ ዘመን በሸክላ ዕቃ እየታሸገ ወደ ሩቅ አገር ይላክ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋዝ ያለውን ውሃ «ሴልትዘር» የሚሉት ከዚሁ መንደር ስም ወስደው ነው። በአልፕስ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በኤቪያን ደግሞ በ1789 አንድ ፈረንሳዊ መኳንንት ከአንድ ምንጭ ውሃ አዘውትሮ በመጠጣቱ የኩላሊት ሕመሙ እንደተሻለው ይነገራል። ወሬው እየሰፋ ሄዶ በ1826 ውሃውን አሽጎ ለመሸጥ ፈቃድ ተሰጠ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ውሃ ሐኪም የሚያዘው፣ በመጠን የሚጠጣና መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ጥማትን ለመቁረጥ ብሎ የሚገዛው አልነበረም።

የሰው እጅ ወደ ጠርሙሱ የገባውም በዚሁ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 በሊድስ ከተማ ከአንድ የቢራ ጠመቃ ቤት አጠገብ ሲኖር ከሚፈላው ቢራ በላይ የሚንሳፈፈውን ጋዝ ከውሃ ጋር አዋሕዶ እንደ ምንጭ ውሃ የሚቆነጥጥ መጠጥ አገኘ። ዘዴውንም በ1772 አሳትሞ አወጣው። እሱ ከግኝቱ ንግድ አላቋቋመም። ያኮብ ሽቬፕ የተባለው ሰው ግን በ1783 በጄኔቭ ይህንኑ ውሃ በብዛት የሚሠራ ድርጅት ከፈተ። እስከ ዛሬ የሚጠጣው ሽዌፕስ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ውሃ ጎን ለጎን ቆመ፤ አንዱ ምድር ያዘጋጀው፣ ሌላው ሰው ያዘጋጀው። ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ሲታዩ አንድ ናቸው። ገዢው የትኛውን እንደገዛ የሚያውቀው ሻጩ ሲነግረው ብቻ ነው።

የከተማ ውሃ ገዳይ በነበረበት ጊዜ

በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮጳና የአሜሪካ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ሲጨናነቁ የሰው ቆሻሻና የመጠጥ ውሃ ተገናኘ። ኮሌራና የአንጀት ተስቦ በየጊዜው ሰውን ይፈጁ ጀመር። በ1854 በለንደን በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሟቾቹ ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ጠየቀ፤ መልሱም ወደ አንድ የሕዝብ የውሃ ፓምፕ አመለከተ። በሠፈሩ የነበሩ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ቢራ ስለሚሰጣቸው ከፓምፑ አይጠጡም ነበርና ተረፉ።

ስኖው ከመዘገባቸው ሰዎች መካከል ለእኛ ርዕስ እጅግ የምትጠቅመው ከሠፈሩ ርቃ በሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባልቴት ናት። ይህች ሴት ቀድሞ በብሮድ ስትሪት ትኖር ስለነበር የፓምፑ ውሃ ጣዕም ናፍቋት በየቀኑ በትልቅ ጠርሙስ እየተሞላ ያመጡላት ነበር። በምትኖርበት ሠፈር ኮሌራ አልነበረም። እሷ ግን የመጣላትን ውሃ ጠጥታ በኮሌራ ሞተች፤ ልትጠይቃት መጥታ ከዚያው ውሃ የጠጣች ዘመዷም ሞተች። ውሃው ጥሩ ጣዕም ነበረው፤ በጠርሙስ ነበር የመጣው፤ የጠጣችውም ወዳና መርጣ ነው። ጣዕምም ጠርሙስም ስለ ንጽሕና ምንም እንደማይመሰክሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በእንዲህ ያለው ዘመን አቅም ያለው ሰው ከሩቅ ተራራ በታሸገ ጠርሙስ የመጣ ውሃ ቢፈልግ አይፈረድበትም። በአሜሪካም የሳራቶጋና የሌሎች ምንጮች ውሃ ገበያ የደራው በዚሁ ጊዜ ነው። ነገር ግን የከተማውን ሕዝብ በሙሉ ያዳነው ጠርሙሱ አይደለም። ሕዝቡን ያዳነው ውሃ በአሸዋ ማጣራት፣ የቆሻሻ መውረጃን ከመጠጥ ውሃ መለየትና ክሎሪን መጨመር ነው። በ1908 በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች። ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት፤ የአንጀት ተስቦም በአሜሪካ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄደ።

ይህ ሲሆን የጠርሙስ ውሃ ንግድ በአሜሪካ ቀዘቀዘ። በየቢሮው ጥግ ከሚቆመው ትልቅ ጋን ውሃና ከሀብታም ምግብ ቤቶች በቀር ብዙ ገዢ አልቀረለትም። ሰው በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ከቤቱ ቧንቧ ንጹሕ ውሃ እያገኘ ለምን ይገዛል? በአውሮጳ ግን የማዕድን ውሃ የመጠጣት ልማድ ሥር ስለሰደደ ንግዱ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ቀጠለ። የቧንቧ እምነት ከፍ ሲል ጠርሙሱ ዝቅ ይላል፤ እምነቱ ዝቅ ሲል ጠርሙሱ ይነሣል። የኋላውን ታሪክ ለመረዳት ይህን መያዝ ይበቃል።

ፕላስቲክና ማስታወቂያ

የጠርሙስ ውሃ ለሁለተኛ ጊዜ የተነሣው በሁለት ነገሮች ኀይል ነው። የመጀመሪያው ፕላስቲክ ነው። ብርጭቆ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ባዶው ተመላሽ ነው። የፈረንሳዩ ቪቴል በ1968 ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀረበ። በ1973 ደግሞ ናትናኤል ዋየዝ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ዛሬ በእጃችን የምንይዘውን ፔት የሚባለውን ቀላልና ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ የፈጠራ መብት አገኘ።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የፔሪዬ ምንጭ ዶክተር ሉዊ ፔሪዬ በ1898 ገዝቶት ነበር፤ በ1903 ምንጩ ለእንግሊዛዊው ሐርምስዎርዝ ተላለፈ። ይህ አረንጓዴ ጠርሙስ በ1977 ታላቅ የማስታወቂያ ዘመቻ ተደርጎለት ወደ አሜሪካ ገበያ በሰፊው ገባ፤ በቴሌቪዥን ድምፁን ያዋሰውም ታዋቂው ተዋናይ ኦርሰን ዌልስ ነበር። አሜሪካዊው በአልኮል ምትክ፣ በሶዳ ምትክ፣ የጤናና የጨዋነት ምልክት አድርጎ ይጠጣው ጀመር። ለውሃ ገንዘብ መክፈል እንደ ሞኝነት ይታይ የነበረው ዘመን በዚህ አበቃ።

በ1990 በኖርዝ ካሮላይና አንድ ላቦራቶሪ በፔሪዬ ውስጥ ቤንዚን የተባለውን ካንሰር የሚያስከትል ኬሚካል አገኘ። መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ከተፈቀደው በላይ ነበር። ኩባንያው በመላው ዓለም ወደ 160 ሚሊዮን የሚጠጉ ጠርሙሶችን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ምክንያቱ ሲጣራ በጊዜው ያልተለወጠ የጋዝ ማጣሪያ ሆኖ ተገኘ። ከዚሁም ጋር ጋዙ ከምድር ለብቻው ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ተመልሶ ከውሃው ጋር እንደሚዋሐድ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ሰማ፤ በአሜሪካም «በተፈጥሮው ጋዝ ያለው» የሚለው ጽሑፍ ከጠርሙሱ ላይ እንዲነሣ ተደረገ። ኩባንያውን በ1992 ኔስሌ ገዛው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የለስላሳ መጠጥ ኩባንያዎች ናቸው። ፔፕሲ በ1994 አኳፊናን፣ ኮካኮላ በ1999 ዳሳኒን አወጡ። የእነዚህ ውሃ መነሻ ተራራ ላይ ያለ ምንጭ ሳይሆን የከተማ ቧንቧ ነው። ውሃው በጣም ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ እየተገፋ ያልፋል፤ ማዕድኑና ሌላውም ነገር ይወጣለታል፤ በዳሳኒ ላይ ለጣዕም ያህል ጥቂት ማዕድን ይመለስበታል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ውሃው ንጹሕ ነው። ነገሩ አነጋጋሪ የሆነው ገዢው ሳያውቅ መቅረቱ ነው። በ2004 ዳሳኒ በብሪታንያ ገበያ ላይ በዋለ ጊዜ ከለንደን ጥግ ካለች ሲድካፕ ከተባለች ሠፈር ቧንቧ የተቀዳ መሆኑ ሲታወቅ ጋዜጦች መሳለቂያ አደረጉት። ወዲያው ደግሞ ብሮሜት የተባለ ጎጂ ንጥረ ነገር ከሕጋዊው መጠን በላይ ተገኘበትና ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ተሰበሰበ። ብሮሜቱ ከቧንቧው የመጣ አልነበረም፤ ኩባንያው በጨመረው ማዕድን ውስጥ የነበረ ብሮማይድ ጀርም ለመግደል ከሚጠቀሙበት ኦዞን ጋር ሲገናኝ የተፈጠረ ነው። ፔፕሲም በ2007 የአኳፊና ውሃ ከሕዝብ የውሃ አገልግሎት የሚገኝ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ ለመጻፍ ተስማማ። ይህ ሁሉ ግን ገበያውን አላቆመውም። በ2016 በአሜሪካ የተጠጣው የጠርሙስ ውሃ መጠን ከለስላሳ መጠጥ በለጠ።

አምቦና ሃይላንድ

ሁለቱን የጠርሙስ ውሃ ዓይነቶች በእኛው አገር ስሞች መለየት ይቻላል፤ አምቦና ሃይላንድ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአምቦ፣ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው ከተማ አካባቢ፣ ከሰንቀሌ የሚፈልቀው ውሃ ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲታሸግ ኖሯል። አምቦ የሚጠጣው በውስጡ ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ጋዙ፣ ስለ ማዕድኑ፣ ከሥጋና ከቅባት በኋላ ሆድን ያቀላል ስለሚባል። ስሙ ከመግነኑ የተነሣ ጋዝ ያለውን ውሃ ሁሉ «አምቦ ውሃ» የሚል ብዙ ሰው አለ።

ሃይላንድ የኋላ ሰው ነው። በፕላስቲክ የታሸገ፣ ጋዝ የሌለው ውሃ ሆኖ መጣና ስሙ ለፕላስቲክ ጠርሙሱ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ውሃው ካለቀ በኋላም ባዶው ሃይላንድ ዘይት ይገዛበታል፣ ጠበል ይቀዳበታል፣ ጠጅ ይላክበታል። ሃይላንድ የሚጠጣው በውስጡ ስለሌለው ነገር ነው፤ ጀርም የለበትም ተብሎ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሲመጣም ደፍርሶ በሚታይበት ቦታ ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ የሕፃናት ተቅማጥ ቀላል በሽታ አይደለምና።

«ከምድር የፈለቀ ውሃ ሁሉ ጤና ነው» የሚለውን እምነት ደግሞ የገዛ አገራችን ስምጥ ሸለቆ ያስተባብለዋል። በዚያ አካባቢ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሚያገኘው ፍሎራይድ የተሞላ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተለክቷል። በወንጂና በሌሎች ቦታዎች ያደጉ ብዙ ወገኖቻችን ጥርሳቸው የጠየመው፣ አንዳንዶቹም አጥንታቸው የተጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ጀርም የለበትም፤ ከተፈጥሮ ነው የመጣው። ቢሆንም ይጎዳል።

ቧንቧው ሲከዳ

እዚህ ላይ የቧንቧ ውሃ ነውር የለውም ማለታችን አይደለም። በውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች ከትልልቆቹ አንዱ የዋሽንግተን ከተማና አካባቢው ነው። በዚያች ከተማ በ2000 መጨረሻ ውሃውን ለማከም በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን የተባለ ኬሚካል ተተካ። ይህ ለውጥ በአሮጌዎቹ የእርሳስ ብረት ቧንቧዎች ውስጥ የነበረውን ሽፋን አነሣውና ሊድ የሚባለው መርዘኛ ብረት ወደ ብዙ ቤቶች ውሃ ገባ። ሕዝቡ ነገሩን በስፋት የሰማው በ2004 መጀመሪያ በጋዜጣ ነው። በዚያው ዓመት ቧንቧውን ከውስጥ የሚሸፍን ፎስፌት ውሃው ላይ መጨመር ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚሺጋኗ የፍሊንት ከተማ ወጪ ለመቀነስ በ2014 የውሃ ምንጯን ለወጠች። ቧንቧው እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል አልተጨመረም ነበርና በዚያም ሊድ ወደ ሕፃናት ደም ገባ። ሰዎቹ ወራት ሙሉ «ውሃው ደኅና ነው» ይባሉ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ ቧንቧን ያልታመነበት ሰው ምን ይባላል?

ሆኖም የሁለቱም ከተሞች ችግር ከወንዙ ሳይሆን ከመንገድ ወደ ቤት ከሚገባው ቧንቧ የመጣ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ስለዚህ ጎረቤት የሌለበት ችግር በእርስዎ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ሊለካም ይችላል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ውሃ አፍልቶ የመጠጣት ልማድም እዚህ ላይ አይሠራም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ሊድን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም የቀረው ውስጥ ያለው ሊድ ይበረታል።

ጠርሙሱ ላይ ምን ይነበባል?

ታሪኩን ካየን ዘንድ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይቀለናል። በአሜሪካ የቧንቧ ውሃን የሚቆጣጠረው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ የጠርሙስ ውሃ ግን እንደ ምግብ ስለሚቆጠር በምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ሥር ይውላል። «ስፕሪንግ» የሚል ከሆነ ምድር ለምድር መጥቶ ራሱ ከሚፈልቅ ምንጭ የተገኘ ነው። «ሚነራል» ለመባል በተፈጥሮው በሊትር ቢያንስ 250 ሚሊግራም ያህል የሟሟ ማዕድን ሊኖረው ይገባል፤ ማዕድን ሊጨመርበትም አይፈቀድም። «ፒዩሪፋይድ» የሚለው ከየትም ይምጣ ከየት ተጣርቶ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። በአውሮጳ «የተፈጥሮ ማዕድን ውሃ» የሚባለው ደግሞ እዚያው ከምንጩ መታሸግ አለበት፤ ጀርም በሚገድል ዘዴ ማከምም ክልክል ነው። ይህም ሆኖ በ2024 ኔስሌ በፈረንሳይ በአንዳንድ ታዋቂ ውሃዎቹ ላይ የተከለከለ ማጣሪያ ሲጠቀም መቆየቱን አምኖ 2 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማምቷል።

ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። የኤቪያን ውሃ በሊትር 80 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ግን 300 ያህል ይይዛል። የጌሮልሽታይን ውሃ በሊትር 350 ገደማ ስላለው ከወተቱ ብርጭቆ ጋር ይተካከላል። በሌላ በኩል ቪሺ ሴለስታን የተባለው የፈረንሳይ ውሃ በሊትር ከ1,100 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለው። የደም ግፊት ኖሮበት ጨው እንዲቀንስ ሐኪም የነገረው ሰው እንዲህ ያለውን «ውሃ ነው» ብሎ እንደልቡ ሊጠጣው አይገባም። ለሕፃን ወተት መበጥበጫም ማዕድንና ሶዲየም የበዛበት ውሃ አይመረጥም። በሌላ ወገን በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ለልጆች ጥርስ ተብሎ በቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ፍሎራይድ በአብዛኛው የጠርሙስ ውሃ ውስጥ አይገኝም።

ጽሑፉ ላይ የማይገኝ ነገርም አለ። በ2024 መጀመሪያ በአሜሪካ የታተመ ጥናት በሦስት የጠርሙስ ውሃ ዓይነቶች ላይ ባደረገው ምርመራ በአንድ ሊትር በአማካይ 240,000 ያህል ረቂቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ቆጥሯል። በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ገና በጥናት ላይ ነው። ሙቀት ግን ከፕላስቲኩ ወደ ውሃው የሚገባውን ነገር እንደሚጨምር የታወቀ ነው። ስለዚህ በተለይ የባሕር ውሃ ጨዉ እየወጣለት በሚጠጣባቸውና ጠርሙስ የዕለት ኑሮ በሆነባቸው በዐረብ አገሮች ያላችሁ ወገኖቻችን፣ የታሸገውን ውሃ ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ከማሳደር ብትቆጠቡ መልካም ነው።

ምን ይደረግ?

አምቦ የወደደ አምቦውን ይጠጣ፤ ለጣዕሙ ከፍሏል፤ የከፈለበትንም አግኝቷል። ተራውን ውሃ ግን ከቧንቧው ዋጋ በመቶዎች እጥፍ እየከፈለ በፍርሃት ብቻ የሚገዛ ቤተሰብ በመጀመሪያ ፍርሃቱን ቢመረምር ይበጀዋል። በአሜሪካ እያንዳንዱ የሕዝብ ውሃ አገልግሎት በውሃው ውስጥ ምን እንደተገኘ በየዓመቱ ለደንበኞቹ ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው። የጠርሙስ ውሃ ኩባንያ እንዲህ ያለ የፌዴራል ግዴታ የለበትም። ሪፖርቱን ያንብቡ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረ ልጆችዎ ያንብቡልዎ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ የውሃ ድርጅቱን ወይም አከራይዎን «የቧንቧው ብረት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ውሃውን ያስለኩ። ሊድ ከተገኘ ሊድን ለማስወገድ የተመሰከረለት ማጣሪያ ለዓመታት ጠርሙስ ከመግዛት ይረክሳል። ማጣሪያውን ግን በጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል፤ ፔሪዬን የጎዳው እሱ ነውና።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አይዘንጋ። ከመቶ ዓመት በፊት የከተማ ውሃ ንጹሕ የሆነው ኮሌራንና ተስቦን የፈሩ ዜጎች ለሁሉም የሚሆን ውሃ እንዲዘረጋላቸው ስለጠየቁና ስለከፈሉ ነው። አቅም ያለው ሁሉ ጠርሙሱን ገዝቶ ከቧንቧው ቢለያይ ቧንቧው ለደኻው ብቻ ይቀራል፤ ለደኻ ብቻ የቀረ ነገር ደግሞ ሲበላሽ ጠያቂ የለውም። በፍሊንት ነገሩ ወደ ብርሃን የወጣው እናቶች ውሃቸውን በጠርሙስ ይዘው ወደ ስብሰባ አዳራሽ በመሄዳቸው ነው። እኛም ግብር እየከፈልንና ልጆች እያሳደግን የምንኖርባቸው ከተሞች ውሃ የእኛም ጉዳይ ነው። የውሃ ሂሳብ የሚመጣበት ፖስታ ውስጥ የስብሰባ ጥሪ ሲኖር ሳያነቡ አይጣሉት።